የወደብ ፈረንሳይኛ

የተማሪዬን ባል ፊቱን ሳላየው ጠላሁት። የደረሰኝ ድምፁ ብቻ ነው፤ እሱም በትምህርት ሰዓት፣ ከስልኳ ውስጥ። «ሳ ቫ? ቱ ፌ ኩዋ?» አላት፤ ደህና ነሽ፣ ምን እየሠራሽ ነው ማለቱ ነው። እሷም የእኔው ጠረጴዛ ላይ፣ እኔው ፊት፣ ደብተሯ እንደተዘረጋ «ሼ ፓ» ብላ ሳቀች። አላውቅም ማለቷ ነው። ይህችን «አላውቅም» በሥርዓቷ፣ «ዠ ን ሴ ፓ» ብላ፣ አንዷንም ሳትውጥ እንድትናገራት ሁለት ሳምንት ለፍቻለሁ። ሰውዬው ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆሞ በአንድ ስልክ ሁለት ሳምንቴን ገደል ከተተው። ሲሰናበታት ደግሞ «ታንኬት!» አላት። አታስቢ ለማለት ነው፤ ግማሹን ቃል በልቶ ግማሹን የሚተፋ ሰው አባባል።

«ማነው?» አልኳት፣ እያወቅኩ።

«ባለቤቴ ነው፣ አዳዳ» አለች ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች። አዳዳ በኦሮምኛ አክስት ናት። «እንድለማመድ ብሎ ነው፤ አትቆጪ።»

«ምኑን ነው የምትለማመጂው? ብልግናውን?»

እዚህ አገር ታናሽ ለታላቅ አፍ አይመልስም፤ ወለሉን ያያል፣ ነገሩ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ወለሉን አየች። እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ነቀምት ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያስተምር ሰው ከተፈለገ እኔ ነኝ፤ ሌላ ካለም አላውቀውም፣ ልተዋወቀውም አልፈልግም። ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ከአንድ የጉራጌ ሱቅ ጀርባ፣ የቤቴ የፊት ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ሰቅዬ ካናዳ ዘመድ ያለውን፣ ጅቡቲ ሥራ ያገኘውን፣ አንዳንዴም ምን እንደሚፈልግ ራሱ የማያውቀውን አስተምራለሁ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ተወለድኩ፤ አዲስ አበባ ሄጄ ፈረንሳይኛ ተማርኩ፤ በአንድ የውጭ ድርጅት ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ እናቴ ስትታመም ላስታምማት ተመለስኩ። እናቴ አረፈች፣ እኔ ቀረሁ። ሰፈሩ «ብቻዋን ስለኖረች ነው እንዲህ የምትናከሰው» ይላል። ይበላ! በሰው መሀል ብኖር የምነክሰው ይበዛልኝ ነበር እንጂ ሌላ ለውጥ አይኖረውም።

ተማሪዬ ዲጋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከሥራ ስትወጣ በሚኒባስ ትመጣ ነበር። በር ላይ የጫማዋን ጭቃ ታራግፋለች፣ «አካም ኦልታኒ» ብላ በወለጋ ወግ እንዴት ዋሉ ትለኛለች፣ ትቀመጣለች። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ላይ የክሬን መካኒክ ነው። ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የኖሩት ተደማምሮ አምስት ወር አይሞላም። አሁን እዚያ አንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ሊቀጥር ነው። ከቀጠሯት የመኖሪያ ፈቃዷንም ክሊኒኩ ያወጣላታል። የሙያ ወረቀቷን አይተው ወደውታል፤ የቀራት በቪዲዮ የሚደረግ የፈረንሳይኛ ቃለ መጠይቅ ነው። ካለፈች ከባሏ ጋር አንድ ቤት ትገባለች፤ ከወደቀች እስከሚቀጥለው ዓመት ቅጥር ዲጋ ተቀምጣ ስልክ ታቅፋለች። መጀመሪያ የመጣች ቀን ይህንን ሁሉ ሳትለማመጥ፣ ሳታለቅስ በአጭሩ ነገረችኝ። ይህን ወደድኩላት።

እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ፈረንሳይኛ ሰውን በሁለት ዓይን የሚያይ ቋንቋ ነው። «ቩ» ስትል እርስዎ ማለትህ ነው፣ «ቱ» ስትል አንተ ወይ አንቺ። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። «ቩ» የምትለው ሰው ፊት ቃል አይዋጥም፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ቃላቱ በወጉ ቦታ ይቀያየራሉ፣ አዎ የሚባልበት «ዊ» ሙሉውን «ዊ» ይሆናል። «ቱ» የምትለው ሰው ጋ «ዊ» «ዌ» ትሆናለች፣ ቃሉ ሁሉ ልብሱን አውልቆ በፓንት ይሮጣል። ይህን ለወለጋ ልጅ ማስረዳት ምንም አይከብድም። «አማትሽን አካም ኦልቴ ትያታለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት፤ እኩያን ሰላም እንደሚሉት ማለት ነው። በድንጋጤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በቃ» አልኳት፣ «ፈረንሳይኛም እንደዚያው ነው።»

ከዚያ ሰሌዳውን መሀል ለመሀል ከፈልኩ። በግራ የቩን ንግግር፣ በቀኝ የቱን ንግግር ጻፍኩ። እሷ ሁለቱንም መገልበጥ ስትጀምር ዳስተሬን አንስቼ የቀኙን ጠረግኩት።

«ይሄ አያስፈልግሽም» አልኳት።

ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ ልናገር፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ድርጅቱ ውስጥ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት እኔም የቱ ሰው ነበርኩ። እኩዮቼ ከሆኑት ጸሐፊዎች ጋር በሻይ ሰዓት እየቀለድኩ የለመድኩት ፈረንሳይኛ አፌ ላይ ነበር። አንድ የግብዣ ቀን ሽበታሙ የድርጅቱ ኃላፊ ወደ እኔ ዞሮ ምግቡን ወደዱት ወይ አለኝ፤ እኔም «ዌ፣ ኤ ቱዋ?» አልኩት። አዎ፣ አንተስ? ሰውዬው ሹካውን አስቀመጠና «ማድሙዋዜል፣ እኔና እርስዎ አሳማ አብረን ጠብቀናል እንዴ?» አለኝ። ለካ እነሱ ያለቦታው «ቱ» ላላቸው ሰው የሚሉት ነገር ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ አላወቅኩም፤ የሰማሁት አሳማ የሚለውን ነው። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በፈረንሳይኛ ለማንም፣ ለሕፃንም፣ ለውሻም «ቱ» ብዬ አላውቅም።

እንግዲህ ተማሪዬ ቃል ስታበላሽ አልጮህም ነበር። አመልካች ጣቴን አነሳለሁ፣ በቃ። ጣቴ ሲነሳ ታቆማለች፣ ቃሉን ትውጣለች፣ ከመጀመሪያው በወጉ ትለዋለች። እንዴት ያለች ፈጣን ልጅ መሰለቻችሁ! በሁለተኛው ወር መጨረሻ ጣቴን የማነሳው ከስንት አንድ ጊዜ ሆነ።

በሦስተኛው ወር ወባ ጣለኝ። እኔ ሰው ሲላመደኝ አልወድም፤ ስታመም ደግሞ ጭራሽ ሰው ማየት አልፈልግም። በሬን ቆልፌ ተኛሁ። እሷ መጥታ አንኳኳች፣ ጠራች፣ ዝም ስላት ባለሱቁን ጠርታ በሩን በትከሻው አስከፈተችው። ሰውዬው እኔን ፈርቶ ደጅ ቀረ፤ እሷ ግን ገባች። ግንባሬን ነካች፣ ዓይኔን ገልጣ አየች፣ መድኃኒት ገዝታ ሾርባ ሠርታ ተመለሰች። ከዚያ በአማርኛ፣ ያውም ያለምንም እፍረት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ እንዲህ የተኛሽው? ተነሺ!» አለችኝ። አንቺ! እኔን! ልቆጣት አፌን ስከፍት ማንኪያውን ከተተችበት።

ሦስት ቀን እንዲህ አድርጋ አስታመመችኝ። እየተቆጣች ታጎርሰኛለች፣ እየቀለደች ታስቀኛለች፤ «ጎበዝ፣ ይህቺን ብቻ፣ ይህቺን ለእኔ ስትዪ» ትለኛለች፣ እኔን የሃምሳ ስምንት ዓመቷን ሴትዮ፣ ሕፃን ይመስል። ከዚያ ወዲያ ብቻችንን ስንሆን አዳዳና አንቺ ሆንኩ፤ ሌላ ተማሪ ካለ እርስዎ ትለኛለች። እኔ አልፈቀድኩላትም፣ አልከለከልኳትምም። ከእናቴ ሞት ወዲህ አንቺ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ ያ ስልክ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባሏ። «ሼ ፓ» እና «ታንኬት»። በሚቀጥለው ትምህርት ላይ እንደተቀመጠች «ዌ» ብላ መለሰችልኝ። ደሜ ፈላ።

«ስሚ» አልኳት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከባልሽ ጋር በፈረንሳይኛ አታወሪም። ኦሮምኛ አላችሁ፣ አማርኛ አላችሁ፣ በፈለጋችሁት ተሳሳሙ። ፈረንሳይኛውን ግን አታስነኪው።»

«እሱ የሚለው...» ብላ ጀመረች፤ አቆመች፤ እንደገና ጀመረች። «እዚያ ሰው ሁልጊዜ እንደዚህ አያወራም ነው የሚለው።»

«እዚያ ማለት የት? ኮንቴይነር ሥር?»

«አዳዳ፣ የእሱም ይጠቅመኛል እኮ። በምሳ ሰዓት እየደወለ...»

«ይደውላ! ክሬን የሚፈታ ሰው ፈረንሳይኛ ያስተምርሽ! እኔ ምን ቆርጦኝ እደክማለሁ? ምረጪ፤ ወይ እሱ ወይ እኔ።»

ወለሉን አየች። ከዚያ «እሺ» አለች። እሺ ስትል እሺ ማለቷ ነው፤ ቃሏን የምታጥፍ ልጅ አይደለችም። ከዚያ ቀን ወዲያ ከባሏ ጋር አንድ የፈረንሳይኛ ቃል አልተነጋገረችም። ቤቴ ውስጥ ስልኳ ሲጮህ ወደ ደጅ ወጥታ በኦሮምኛ ሁለት ቃል ብላ ትመለሳለች። እኔም ያንን ሰው ከጅቡቲ እስከ ነቀምት ባለው መንገድ ሁሉ ያባረርኩት ያህል ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ አይደል፤ ቅናትም ነበረበት። እሱ ስልክ ብድግ አድርጎ ሲያስቃት እኔ ጠመኔዬን ይዤ ቆሜ መስማቴ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። ዲጋ ኔትወርኩ አያስተማምንም ስላሉ እኔ ቤት ይሁን ተባለ። እሷ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን አስይዛ መጣች። ስልኩን በስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደገፍነው። እኔ ከስልኩ ኋላ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ጠያቂዋ አታየኝም፣ ተማሪዬ ግን ታየኛለች። ባለሱቁን ሬዲዮውን እንዲዘጋ አስጠነቀቅኩት። በመዝጊያው በኩል የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ረገምኩ።

ጠያቂዋ የክሊኒኩ ዋና ነርስ ናት፤ መነጽር ያደረገች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ድምፀ ወፍራም ሴት። ከመጀመሪያው «ቩ» እያለች ጀመረች። ተማሪዬም መለሰች። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ማዋለድ፣ ስለ ቁስል ማጠብ፣ ስለ ክትባት። ቃል አልዋጠችም፣ ጥያቄ አላበላሸችም። እኔ ከስልኩ ኋላ ሆኜ እጆቼን ጉልበቴ መሀል አጣብቄ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደ። ጣቴን አንዴም አላነሳሁም።

ከዚያ ሴትዮዋ ወረቀቷን ወደ ጎን አደረገች።

«አሁን አንድ ነገር እንሞክር» አለች። «አንድ ልጅ አለ። ስድስት ዓመቱ ነው። ክንዱ ተሰብሯል። መርፌ ፈርቶ አልጋ ሥር ገብቷል፣ እናቱ ውጭ ናት። እኔ ልጁ ነኝ። ያውጡኝ እስቲ።»

ይህን ብላ መነጽሯን አወለቀችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እንደ ልጅ መነፍረቅ ጀመረች። ያን የሚያህል ሴትዮ!

ተማሪዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ፊቷ ተለወጠ። አወቅኩት ያንን ፊት፤ ሾርባ ይዛ የመጣችበት ፊት ነው። ከንፈሯ ፈገግ ሊል ጀመረ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ «ታን...» አለች።

ቀና ብላ አየችኝ። ለምን እንዳየችኝ እዚህ አገር የኖረ ይገባዋል። አስተማሪዋ ተቀምጣ፣ አስተማሪዋ ከልክላት፣ ዝም ብላ አትናገረውም፤ በዓይን ታስፈቅዳለች። አንድ ዓይን ጥቅሻ ቢሆን ይበቃት ነበር።

እኔ የታየኝ ልጁ አይደለም። የታየኝ ያ ሽበታም ሰውዬ ነው፣ ሹካውን ሲያስቀምጥ። ይህች ሴትዮ በጨዋታ ስም እያጠመደቻት ነው፣ «ቱ» ስትላት ፊቷን ገልጣ ታዋርዳታለች አልኩ። ጣቴ በራሱ ተነሳ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

ተማሪዬ ቃሏን ዋጠች። ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ሙስዩ» አለች፣ «ዠ ቩ ፕሪ ደ ሶርቲር፣ ሲል ቩ ፕሌ።» ጌታዬ፣ እንዲወጡ እለምንዎታለሁ፣ እባክዎ። አልጋ ሥር ለገባ የስድስት ዓመት ልጅ!

ሴትዮዋ መነፍረቋን አቆመች። እጆቿን ግን ከፊቷ አላነሳችም። «ልጁ አልወጣም» አለች ከእጆቿ ሥር። «እንደገና።»

ተማሪዬ እንደገና አየችኝ። ጣቴ እንደተነሳ ነው። እንደገና «ቩ» አለች፤ የባሰ አክብሮት ጨመረችበት፣ እንደ ማመልከቻ አድርጋ አቀረበችለት። ሴትዮዋ ፊቷን ገለጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ አንድ ነገር ጻፈች። አልሳቀችም። «ሜርሲ፣ ማዳም» ብላ ዘጋች።

«አኮራሽኝ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «እንደ ሰዓት ነው የሄድሽው! ምንም እንከን አይወጣልሽም!»

ተማሪዬ የስኳር ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሰች። «እሺ» አለች። ቦርሳዋን ይዛ ሚኒባስ እንዳያመልጣት ወጣች። ሻይ አፍልቼ ነበር፣ አልጠጣችም።

በአራተኛው ቀን የክሊኒኩን መልእክት ያለምንም ቃል በስልኬ ላከችልኝ። ፈረንሳይኛዎ እንከን የለበትም፣ ይላል። የሚያስፈልገን ግን ለሕፃናት ክፍል ነው፤ ከታማሚ ጋር መቀራረብ እንደሚያስቸግርዎ ታዝበናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቢሞክሩ እንወዳለን።

መቀራረብ ያስቸግራታል! እሷን! ሦስት ቀን ሙሉ ያችን ዋና ነርስ ረገምኳት። ቲያትር ቤት ነው እንዴ የከፈተችው? አሁን ይሄ ፈተና ነው? ድሮም ሱቁ በር ላይ ቆሜ ባለሱቁን ሳላስቸግር አላልፍም፤ ያን ሰሞን ግን ደንበኞቹ ሁሉ እየሸሹኝ አለፉ። ባለሱቁ ለአሮጊቷ በኦሮምኛ «አያዮ»፣ እማማ እያለ፣ ለተማሪው በአማርኛ እየቀለደ፣ ለአገሩ ልጅ በጉራግኛ እየተሳደበ ይሸጣል፤ ለሁሉም ሌላ ሰው ነው፣ ለሁሉም ራሱ ነው። ለእኔ ግን አይቀልድም። የምፈልገውን ይሰጠኛል፣ «ይኸው እትዬ» ይላል፣ ያበቃል። ያን ጊዜ ነው ይህን ልብ ያልኩት።

መልእክቱ በደረሰኝ በአራተኛው ቀን ባሏ ደወለልኝ።

ስሙን ሲነግረኝ ተዘጋጅቼ ነበር። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በፈረንሳይኛም የምሰድበውን አሰናድቻለሁ። ይሳደብ ብቻ አልኩ። እሱ ግን በፈረንሳይኛ፣ እኔ በሕይወቴ ላስተምረው ብመኝ በማልችለው ፈረንሳይኛ፣ ማዳም፣ ለባለቤቴ ስለተቀበሉት ድካም ምስጋናዬን ላቀርብልዎ ይፈቀድልኝ አለኝ። አንዲት ቃል አልዋጠም። «ቩ» ሁሉ በቦታው ነው። ኩም አልኩ።

«የት ነው የተማርከው?» አልኩት በመጨረሻ፣ በአማርኛ።

እሱም ወደ አማርኛ ተመለሰ። «እዚሁ ጅቡቲ፣ ትምህርት ቤት ገብቼ። ከመጣሁ አሥር ዓመቴ ነው። ከአለቆቼ ጋር የማወራው እንደዚህ ነው። ከሚስቴ ጋር ግን ሚስቴ ናት።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«በምሳ ሰዓት እየደወልኩ ምን እናደርግ እንደነበር ነግራዎት ታውቃለች?»

«አላውቅም» አልኩ። ልትነግረኝ ጀምራ ነበር፤ አላስጨረስኳትም።

«ክሊኒኩ የሕፃናት ክፍል እንዳለው ሰምቼ ነበር። እኔ ልጅ እሆናለሁ፣ አለቅሳለሁ። ጥርሴን አሞኛል፣ መርፌ አልወጋም፣ እናቴን ጥሩልኝ እላለሁ። እሷ ታባብለኛለች። ታንኬት፣ ሞን ግራን፣ ትለኛለች። አታስብ፣ ጎበዙ። የክሬኑ ሥር ሰዎች ይስቁብኝ ነበር። እርስዎ እስኪከለክሉን ድረስ በየቀኑ ነበር የምንለማመደው። አልተቆጣሁም፣ ማዳም። እርስዎም ለእሷ ብለው ነው።»

ከዚያ እንደገና ወደዚያ ወደሚያንጸባርቀው ፈረንሳይኛው ተመልሶ በከፍተኛ አክብሮት ተሰናበተኝ። ምነው በተሳደበ! ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ። ሰሌዳዬን እያየሁ ተቀመጥኩ። በቀኝ በኩል ጠርጌው የነበረው ጽሑፍ ሲያዩት አሁንም ትንሽ ትንሽ ይታያል።

ተማሪዬ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። አልደወልኩላትም፤ ምን ብዬ? ይቅርታ ማለት በየትኛውም ቋንቋ አልሆንልኝም። በወሩ ግን ወባው ተመለሰብኝ፤ ነቀምት ስንት ሐኪም ቤት እያለ በሚኒባስ ዲጋ ሄድኩ። ዲጋ የሄድኩት ለወባው እንዳልሆነ ያን ቀን ለራሴም አልደበቅኩም። ተማሪዬ ካየችኝ «አንቺ ሴትዮ፣ ደግሞ ታመምሽ?» ትለኛለች፣ ትቆጣኛለች፣ እኔም ያኔ ይቅርታውን አወጣዋለሁ አልኩ። መንገዱን ሁሉ ይህንን ሳስብ ሄድኩ።

ወረፋው ረጅም ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ልጅ ይጮኻል፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ። የእሷን ድምፅ ሰማሁ። «አባ ኮ፣ አባ ኮ» ትለዋለች፤ የእኛ ሰው ትንሽ ልጅ ሲያባብል አባቴ ነው የሚለው። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ። አታስብ። የታለ ጎበዙ? ይህቺን ብቻ፣ ይህቺን ለእኔ ስትል።» ልጁ ጩኸቱን ወደ መነፍረቅ አወረደው፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃትና ሳቀች። እሱም ሳቀ። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። እንባዬ መጣ፤ ትኩሳቱ ነው ብዬ ጠረግኩት።

ተራዬ ደረሰ። መጋረጃውን ስገልጥ አየችኝ። አልደነገጠችም።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህርት» አለችኝ። «ይግቡ። ይቀመጡ። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?»

ክፍሉ ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ልጁና እናቱ ወጥተዋል።

«አዳዳ አትይኝም እንዴ?» አልኳት።

«እንዴት ብዬ ደፍሬ» አለች፣ በትሕትና። ካርዴን አየች፣ ጻፈች፣ ጓንቷን አደረገች።

«የኔ ጥፋት ነው» አልኩ። «ጣቴን ማንሳት አልነበረብኝም። ያኔ ልትዪው የነበረውን ብትዪ ኖሮ...»

«ምንም አይደል» አለች። «አያስቡ።»

ክፋት አልነበረበትም፤ እንደ ወለጋ ልጅ ወግ ነው ያለችኝ፣ አንዲት ቃል ሳትዛነፍ። የደም መውሰጃዋን አዘጋጀች። የወባ ምርመራ ከጣት ነው የሚወሰደው። «ጣትዎን ይስጡኝ» ስትለኝ ሳላስበው ያንኑ ጣቴን፣ አመልካቹን ዘረጋሁላት። ለአፍታ አየችው። ከዚያ «ይሄኛው አይደለም» ብላ በቀስታ አጠፈችውና ከጎኑ ያለውን ያዘች።

«ትንሽ ያምምዎታል» አለችኝ። «ይታገሡኝ።»